ልጃችሁ 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት
(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



በሬዲዮ የሰማችሁት ንግግር እነሆ በጽሑፍ እጃችሁ ገብቷል። ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር እያሳለፋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ሲያጋጥማችሁ አትዝለሉት። ልጃችሁን ጠይቁት። የዛሬው ነገር የልጃችሁ ነገር ነውና።

የምንነጋገረው 10ኛ ክፍልን ጨርሶ 11ኛ ክፍል ስለሚገባ ተማሪና ስለ ወላጁ ነው። የምንነጋገረውም በዲላና በጌዴኦ ዞን ላለ ቤተሰብ በሚመች መንገድ ነው። በሌላ ቦታ ያላችሁም የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

አንዳንድ ወላጅ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትናንት ነው። ልጄ ደግሞ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሊማር ነው። እኔ ምን ልረዳው እችላለሁ?» ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ብዙ ትረዳዋለህ» የሚል ነው። ፊዚክሱን መምህሩ ያስተምረዋል። ጊዜውን፣ ስንቁን፣ ወረቀቱንና ገንዘቡን የሚያዘጋጀው ግን ወላጅ ነው። እነዚህ አራቱ ካልተዘጋጁ ጎበዝ ልጅም ይወድቃል።

ፊደል መማር ከንቱ እንዳልሆነ የጌዴኦ ሰው ያውቃል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ተጀመረ። ትምህርቱ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነው። ብዙ አባትና እናት ከእርሻ መልስ ፊደል ቆጥረዋል። ያኔ ዲላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ለናንተ ሩቅ አይደለም። በሩ ግን ጠባብ ነው። ለምን ጠባብ እንደሆነ እንመልከት።

11ኛ ክፍል ምንድን ነው?

11ኛና 12ኛ ክፍልን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «መሰናዶ» ይላቸዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እነዚህን ሁለት ዓመታት ተማሪው ለከፍተኛ ትምህርት የሚዘጋጅባቸው አድርጓቸው ነበር። ዛሬ በአዲሱ አደረጃጀት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው አንድ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። የሁለቱ ዓመታት ሥራ ግን አልተለወጠም። አሁንም የመዘጋጃ ጊዜ ናቸው።

ቀድሞ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ያ ፈተና እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ተሰጥቶ ቀርቷል። ፈተናው በነበረበት ጊዜ ወላጅ ይደነግጥ ነበር። ልጁም ይደነግጥና ያጠና ነበር። አሁን ልጁ በትምህርት ቤቱ ውጤት ወደ 11ኛ ክፍል ያልፋል። ምንም አስደንጋጭ ነገር ሳይታይ በሩ ይከፈታል። ብዙዎቻችንም «አለፈ፣ እሰየው» ብለን እንተኛለን። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም የፈተናው ሸክም ሁሉ ተጠራቅሞ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ይጠብቃል።

ያ ፈተና ከባድ ነው። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲወስዱ ተደርጓል። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ይፈተናሉ። መኮራረጅ የነበረበት በር በጣም ጠቧል ማለት ነው። ልጁ የሚተማመነው በራሱ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ቁጥሮቹን አብረን እናንብብ። ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት፦

በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከ100 ተፈታኝ 3.3 ናቸው።
በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ100 ተፈታኝ 3.2 ናቸው።
በ2016 ዓ.ም. ፈተና ከ100 ተፈታኝ 5.4 ናቸው።
በ2017 ዓ.ም. ፈተና ከ100 ተፈታኝ 8.4 ናቸው።

እስቲ 100 ተማሪዎችን በአንድ ሜዳ ላይ ቆመው አስቧቸው። በ2015 ዓ.ም. ግማሽ ነጥብ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8 ከፍ ብሏል። መሻሻል አለ። ግን ገና ብዙ ልጅ ይወድቃል። የወደቁት ሁሉ ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ ዘግይተው የጀመሩ ናቸው። ፈተናው ደግሞ 12ኛ ክፍል ከተማሩት ብቻ አይወጣም። ከቀደሙት ክፍሎች ትምህርትም ይወጣል። 12ኛ ክፍል ሲደርስ እጀምራለሁ የሚል ተማሪ ጊዜው ያልፍበታል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የዛሬው ምክራችን በሙሉ በዚህ አባባል ውስጥ አለ። ዝግጅቱ የሚጀመረው 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ በክረምት ነው።

የመጀመሪያው ዝግጅት፦ ምርጫው

11ኛ ክፍል ሲገባ ተማሪው ከሁለት መስመር አንዱን ይመርጣል። አንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ተማሪዎች «ናቹራል» ይሉታል። ሁለተኛው የማኅበራዊ ሳይንስ ነው። «ሶሻል» ይሉታል።

በተፈጥሮ ሳይንስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አሉ። በማኅበራዊ ሳይንስ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ አሉ። በሁለቱም መስመር እንግሊዝኛና ሒሳብ አሉ። ይህን ልብ በሉ። «ሶሻል ገብቼ ከሒሳብ እገላገላለሁ» የሚል ልጅ ተሳስቷል። ሒሳብ እዚያም ይከተለዋል። በ12ኛ ክፍል ፈተናም ላይ ይጠብቀዋል።

መስመሩ ወደፊት የሚያጠናውን ነገር ይወስናል። ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የእርሻ ባለሙያ መሆን የሚፈልግ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ይሄዳል። ሕግ፣ ንግድና ሒሳብ አያያዝ፣ ቋንቋ ወይም ታሪክ ማጥናት የሚፈልግ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ይሄዳል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንደ ግብርናና የኮምፒዩተር ትምህርት ያሉትንም ይዟል። በልጃችሁ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሚሰጥ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ።

በሌላም አገር እንዲህ ነው። ከዲላ ወደ ደቡብ የሚወርደው አስፋልት ሞያሌን አልፎ ኬንያ ይገባል። በኬንያ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪው ከሦስት መስመር አንዱን ይመርጣል። በእንግሊዝ አገር ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት «ሲክስዝ ፎርም» ይባላሉ። እዚያ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ብቻ መርጦ በጥልቀት ያጠናል። በየአገሩ በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ የሚመርጥበት ቀን አለው። የሚመርጠውን አውቆ የሚመርጥ ልጅ ደግሞ በየትም ይጠቀማል።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? አንድ አባትና ልጁ የተነጋገሩትን እናስብ።

«አባባ፣ ናቹራል ልገባ ነው።»
«ለምን መረጥሽው ልጄ?»
«ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው።»
«ጓደኞችሽ ይፈተኑልሻል?»
«አይ አባባ፣ እሱማ የለም።»
«እንግዲያስ ካርድሽን አምጪው። አብረን እንየው። የቱ ትምህርት ላይ ነው ነጥብሽ የሚበልጠው? ማታ ማታ ሳትታዘዢ የምታነቢው የቱን ነው?»

ይህ አባት ፊዚክስ አያውቅም። ግን የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ሦስት ነገር አየ፦ የልጁን ውጤት፣ የልጁን ፍላጎትና የወደፊት ሥራዋን። እናንተም ይህንኑ አድርጉ። ሶሻል የሰነፍ፣ ናቹራል የጎበዝ ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ። ልጃችሁ የማይችለውን መስመር በእልህ አታስይዙት። በሁለቱም በኩል መልካም እንጀራ አለ።

ሁለተኛው ዝግጅት፦ ወረቀት

እዚህ ላይ ማንበብ መቻላችሁ በቀጥታ ይጠቅማል። ለምዝገባ ምን ምን እንደሚፈለግ በየትምህርት ቤቱ ሊለያይ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚከተሉት ይፈለጋሉ፦

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የውጤት ካርድ፣
የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወረቀት፣
ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ ከሆነ መሸኛ፣
ጉርድ ፎቶግራፍ።

ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያም ዛሬ በብዙ ቦታ እየተጠየቀ ነው። ልጃችሁ ገና ካላወጣ በክረምቱ ያውጣ።

አሁን ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ጠረጴዛ ከሌለ ሰሌን ላይ ዘርጓቸው። የልጃችሁን ስም በእያንዳንዱ ላይ አንብቡ። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም በሁሉም ላይ አንድ ነው? በአንዱ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሐይ» ተብሎ ተጽፏል? የትውልድ ዘመኑስ አንድ ዓይነት ነው? በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም ልጁ ፊደል በፊደል ያመሳክር። አንድ ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ ዛሬ ማስተካከል ቀላል ነው። 12ኛ ክፍል የፈተና ምዝገባ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ያመላልሳል።

ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዝናብና አይጥ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። የያንዳንዳቸውን ፎቶ ኮፒ አስነሡ። ዋናውን ለማንም አትስጡ። መስጠት ግድ ከሆነ ለማን፣ በየትኛው ቀን እንደሰጣችሁ ጻፉ።

ሌላም ነገር አለ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ደብተር ለሱቅ መጠቅለያ አይሰጥ፤ እሳት ማያያዣም አይሁን። ፈተናው ከቀደሙት ክፍሎችም ይወጣል ብለናል። ያ ደብተር ሀብት ነው።

ሦስተኛው ዝግጅት፦ ገንዘብና ቡና

በጌዴኦ አገር የገንዘብ ዘመን የቡና ዘመን ነው። እሸት ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ትምህርት የሚጀመረው ግን በመስከረም ነው። አያችሁ? ወጪው ቀድሞ ይመጣል፤ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል። በመካከሉ ችግር ይፈጠራል። በክረምት እጅ ሲያጥር ያልደረሰ ቡናን አስቀድሞ በርካሽ መሸጥ ይመጣል። ወይም አራጣ ይመጣል። ወይም ልጁ «ቡናው እስኪሸጥ ቆይ» ይባልና አንድ ወር፣ ሁለት ወር ይቀራል። 11ኛ ክፍል ላይ ሁለት ወር የቀረ ልጅ ሌላው የደረሰበት ለመድረስ በጣም ይቸገራል።

ስለዚህ የመጪው መስከረም ገንዘብ መለየት ያለበት ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። እንዴት?

አንደኛ፣ ቡናችሁን ሁሉ በእሸቱ አትሽጡ። ከፊሉን አድርቃችሁ ጀንፈሉን አስቀምጡ። በደንብ የደረቀ ጀንፈል እርጥበት ካላገኘው ይቆያል። «ይህች ጆንያ የልጄ ደብተርና የቤት ኪራይ ናት» ብላችሁ ለዩዋት። ለበዓልም ለለቅሶም አትነካ።

ሁለተኛ፣ ጀንፈል ማስቀመጥ የማይመቻችሁ ገንዘቡን በቁጠባ ማኅበር ወይም በባንክ አስቀምጡ። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ የጷጉሜን ወይም የነሐሴን ዕጣ ለመውሰድ ከዳኛው ጋር ተነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ ወጪውን ጻፉ። ለመለማመጃ ያህል አንድ ምሳሌ እንሥራ። የገንዘቡ መጠን ለምሳሌ ብቻ ነው። እናንተ የአካባቢያችሁን ዋጋ አስገቡ።

የቤት ኪራይ ድርሻ በወር 500 ብር ቢሆን፣ ለ10 ወር 5,000 ብር ይሆናል።
12 ደብተር፣ አንዱ 60 ብር ቢሆን፣ 720 ብር ይሆናል።
ሁለቱ ሲደመሩ 5,720 ብር ይሆናል።

በዚህ ላይ እስክሪብቶ፣ ጫማ፣ ሳሙና፣ የትራንስፖርትና የትምህርት ቤት መዋጮ ጨምሩ። ድምሩ ሲታይ ያስደነግጥ ይሆናል። ግን በኅዳር መደንገጥ ይሻላል። በኅዳር የደነገጠ ሰው ቡና በእጁ አለ።

አራተኛው ዝግጅት፦ ስንቅና ማደሪያ

በአካባቢያችሁ ያለው ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ከሌለው ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ዲላ፣ ወናጎ ወይም ይርጋጨፌ ሊሆን ይችላል። ከዘመድ ቤት ያድራል፤ ወይም ከጓደኛው ጋር ክፍል ይከራያል።

ዘመድ ቤት ከሆነ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ ተነጋገሩ። «ልጄ የቤት ሥራ ይረዳችኋል። ግን ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ያጥና» በሉ። ይህ ነውር አይደለም። ሳይነጋገሩ ልኮ በኋላ ከመቀያየም ይሻላል።

ኪራይ ቤት ከሆነ ቤቱን እዩት። በሩ በደንብ ይዘጋል? መብራት አለው? ውኃና መጸዳጃው የት ነው? አጠገቡ ጠጅ ቤት ወይም ጫት መቃሚያ አለ? በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን ብቻዋን አትከራይ። ከምታውቁት ቤተሰብ ልጅ ጋር ሁለት ሆነው ይከራዩ። አከራይዋ ሴት ወይም ባለ ትዳር ብትሆን ይመረጣል። የአከራዩን ስልክ ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ።

ስንቅን በተመለከተ የጌዴኦ ሰው ዕድለኛ ነው። እንሰት አለን። እንሰት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ታጭዶ የሚያልቅ እህል አይደለም። ሲያስፈልግ ይቆረጣል። ይህ አትክልትና ቡና፣ ዛፍና እንሰት አብረው የሚያድጉበት አኗኗራችን በ2016 ዓ.ም. መግቢያ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓለም ያከበረው እንሰት ልጃችሁንም ያስተምርላችኋል።

ግን ቆጮ ብቻውን አይበቃም። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ሰውነት የሚገነባው ነገር ያንሰዋል። ስለዚህ ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ ሽሮ ጨምሩበት። ጎመንና አቮካዶም ከጓሮ አይጠፉም። በሶ ከተዘጋጀ ማብሰል ሳያስፈልግ ይበላል፤ ለፈተና ቀን ይረዳል። ልጁ ምግብ ማብሰል ወንድ ነኝ ብሎ እንዳይንቅ ክረምቱን አለማምዱት። ርቦት የተኛ ልጅ ሒሳብ አይገባውም።

አምስተኛው ዝግጅት፦ ጊዜ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ገንዘብ የሌለው ወላጅ እንኳ ለልጁ ጊዜ መስጠት ይችላል።

የቡና ለቀማ ሲደርስ እጅ ያንሳል። ልጁ እንዳይረዳ አንልም። ግን በትምህርት ቀን ከክፍል አይቅር። ቅዳሜና ከክፍል መልስ ይልቀም። ጎረቤት ከጎረቤት በደቦ ቢረዳዳ የሁሉም ልጅ ይማራል። ይህን ነገር በዕድር ወይም ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በሶንጎ አንሡት። «የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን በለቀማ ምክንያት አይቀሩ» ብሎ መንደሩ ከተስማማ አንዱ ወላጅ ሌላውን ያበረታል።

የሴት ልጅ ጊዜ ለብቻው መታየት አለበት። ወንድም እህትም እኩል 11ኛ ክፍል ገብተዋል እንበል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሱ ደብተር ይከፍታል። እሷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታበስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ደብተሯን ስትከፍት ሌሊት ሆኗል። ፈተናው ላይ ግን ሁለቱም እኩል ይጠየቃሉ። ይህ ፍርድ ነው? ሥራውን ለሁለቱ አካፍሉ። በወር አበባ ምክንያት በየወሩ ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ብዙ ትምህርት ያመልጣታል። እናቶች፣ መጠበቂያውን ከደብተሩ ጋር አብራችሁ አስቡ። «ከ10ኛ በላይ ምን ያደርግላታል፣ ትዳር» የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ «ልጄ ገና ተማሪ ናት» ብላችሁ መልሱት።

አንድ የጊዜ ሰሌዳ ለምሳሌ እነሆ። ጠዋት ለሚማር ተማሪ ነው፦

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፦ መነሣት፣ የትናንቱን ትምህርት መከለስ፣ ቁርስ።
ጠዋት፦ ትምህርት ቤት።
ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፦ የዕለቱን ትምህርት ማንበብና የቤት ሥራ።
ከ10 እስከ 12 ሰዓት፦ ወላጅን መርዳት።
ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፦ ጥናት።
ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ፦ እንቅልፍ።

እንቅልፍን አትናቁ። ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ስልኩንም በጥናት ሰዓት ሌላ ሰው ጋ ያስቀምጥ።

ለእናንተ ለተማሪዎች

አሁን ደግሞ ለተማሪዎች ጥቂት ቃል እንናገር።

የእናንተ ትውልድ ብዙ ተፈትኗል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተዋል። ከታች ክፍል የቀረባችሁ ነገር ቢኖር የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው እያወቁ ዝም ማለት ነው።

በክረምቱ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ አውጡ። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ አምስት አምስት ጥያቄ ሥሩ። ያቃታችሁን ምዕራፍ በወረቀት ጻፉ። ያ ወረቀት የክረምት ሥራችሁ ነው።

እንግሊዝኛ የሌሎቹ ትምህርቶች ቁልፍ ነው። ታሪኩም ባዮሎጂውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በቀን አምስት አዲስ ቃል ያዙ። አምስት ቃል በ60 ቀን 300 ቃል ይሆናል።

ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አጥኑ። በየተራ አስተምሩ። አንድን ነገር ለጓደኛ ማስረዳት የቻለ ተማሪ በእርግጥ ገብቶታል። ማስረዳት ያቃተው ግን አንብቦታል እንጂ አልገባውም። ኮምፒዩተር በትምህርት ቤት ካለ መንካትን ልመዱ። በፈተና ቀን የመጀመሪያችሁ አይሁን።

መምህሩን ጠይቁ

ወላጆች፣ የክፍሉን ኃላፊ መምህር በመስከረም ሂዱና ተዋወቁ። ልጁ ሲያጠፋ ተጠርታችሁ ከምትሄዱ ሳትጠሩ ሂዱ። አለባበሴ፣ አነጋገሬ አትበሉ። መምህሩ በሥራ ልብስ የመጣ ወላጅን ያከብራል። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፦

1. ልጄ በየቀኑ ይመጣል?
2. በየትኛው ትምህርት ደካማ ነው?
3. የማጠናከሪያ ትምህርት አለ? መቼ?
4. መጽሐፍ ደርሶታል?
5. ስልክ ቁጥሬን ልስጥዎት፣ ችግር ሲኖር ይደውሉልኛል?

የሰጧችሁን መልስ ጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ጠይቁ።

ባያልፍስ?

ይህን ሳንናገር ብንጨርስ ንግግራችን ጎደሎ ይሆናል። ቁጥሩን አይታችኋል። የተዘጋጀም ልጅ ግማሽ ነጥብ ላያመጣ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሽ ነጥብ ካላመጡት መካከል በየዓመቱ በሚወሰነው ነጥብ መሠረት የሚመረጡ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት ይወስዳሉ። «ሪሚዲያል» የሚባለው ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም አለ። ኤሌክትሪክ፣ ግንበኝነት፣ የመኪና ጥገና የሚያውቅ ሰው በዲላ ከተማ ሥራ አያጣም። ቡናችንንም ቢሆን በዕውቀት የሚያለማ የተማረ ገበሬ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ልጁን «ካላለፍህ ቤቴ አትግባ» አትበሉት። ፍርሃት ጥናትን አይጨምርም፤ ልጅን ከቤት ያርቃል። «የቻልከውን አድርግ፣ እኛም የቻልነውን እናደርጋለን» በሉት።

ለመለማመጃ

ንግግሩን ካነበባችሁ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. ከ100 ተፈታኝ በ2017 ዓ.ም. ግማሽ ነጥብ ያመጡት ስንት ናቸው?
2. በሁለቱም መስመር የሚሰጡት ሁለት ትምህርቶች የትኞቹ ናቸው?
3. ቡና የሚለቀመው መቼ ነው? ትምህርት የሚጀመረው መቼ ነው?
4. የልጃችሁ ስም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነው?

የቤት ሥራም አለ። ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ። በአንድ ገጽ ላይ አምስት ቃላት ጻፉ፦ ምርጫ፣ ወረቀት፣ ገንዘብ፣ ስንቅ፣ ጊዜ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ያለቀውንና የቀረውን ሥራ ጻፉ። ልጁ ይጻፍ፤ እናንተ አንብቡ። ወይም እናንተ ጻፉ፤ ልጁ ያርም። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በየሳምንቱ እሑድ አንብቡት።

በደህና ቆዩን።